አንድ ጉድጓድ የቀራት ሽምብራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሕሊና ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን ለፈታኞች የምታቀርብበት ቀን ደርሶባት እንቅልፍ አጥታለች። "እማ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርሽ ሰው ነሽ፤ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። አንቺ ከገባሽ ማንም ይገባዋል" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየሁትም፤ ብቻ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አባቷ ግርማም ሬዲዮኑን ዘግቶ ወንበሩን አስጠጋ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ሞጣ ቤታችን ውስጥ የልጃችን ስልክ ከዜና ይበልጣል።

የጽሑፉ ርዕስ ረጅም ነው። ወደ ቤታችን ቋንቋ ሳመጣው፣ እየተገፉና እየተናጡ በሚኖሩ ጥቃቅን ነገሮች ላይ አልፎ አልፎ ስለሚታይ የኢንትሮፒ መዋዠቅ ነው። ኢንትሮፒን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የኖርኩት በጨው ነበር። ጨው ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ ተለቅሞ አይወጣም፤ ነገር ወደ ኋላ የማይመለስበትን መጠን በቁጥር ስንለካው ኢንትሮፒ ጨመረ እንላለን። ሕሊና ደግሞ ይህ ለትልልቅ ነገር ነው አለችኝ። በጣም ትንሽ ነገር ከሆነና ዙሪያው የሚናወጥ ከሆነ፣ አንዳንዴ ከሚገፋው ተቃራኒ ይሄዳል። ለጥቂት ጊዜ ብቻ። በተቃራኒው የሚሄደው መንገድ በረዘመ ቁጥር እንዲህ ያለውን ነገር ማየት እየከበደ ይመጣል። የሷ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስላት ነው።

"ምሳሌ ስጫቸው" አልኳት። "ቁጥር ብቻ ከደረደርሽ ያንቀላፋሉ።"

"አለኝ እኮ። ዘንበል ያለ ሰሌዳ አለ እንበል፤ ላዩ ላይ ጉድጓዶች በረድፍ አሉ። ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል። አንዷ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ኳስ አለች..."

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ቀና ስል ግርማ እያየኝ ነው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ እኔም። ሁለት ሽማግሎች ስልክ ላይ ተደፍተን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

"ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?" አለች ሕሊና ተቆጥታ።

"ኳስ አይደለችም ልጄ" አላት ግርማ። "ሽምብራ ናት።"

አባቷ ከተሳፈረበት አውቶቡስ ወርዶ እኔን ማግባቱን ሕሊና ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዘመድ ሁሉ የሚቀልድበት ነገር ነው። የሽምብራዋን ነገር ግን አልነገርናትም ነበር። ያን ቀን ጽሑፏን አስቀምጣ እሷ ሰሚ ሆነች፣ እኔ ተናጋሪ። የነገርኳትን እዚህ ላስቀምጠው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብኩት ቢቸና ነው። ከሞጣ ብዙም አይርቅም ይባላል፤ የሚለው ግን በዚያ ዘመን መንገዱን ያልሄደበት ሰው ነው። በጉንደ ወይን በኩል በክረምት ሲመጡ መኪናው ከሚጓዘው ይልቅ የሚገፋው ይበልጥ ነበር። የምንከፍለው ለመሳፈር ነው ወይስ ለመግፋት እያልን እንቀልድ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ጭቃ ግድግዳ ያላት፣ መስኮቷ ወደ ጤፍ ማሳ የሚያይ ነበረች። መስከረም ላይ ማሳው በነፋስ ሲወዛወዝ ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ብቻዬን መኖር ወደድኩት። አባቴ ሞጣ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ስለነበር እቤት እንግዳ አይጠፋም፤ ዝምታ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ቢቸና ነው።

ዝምታው ሲበዛብኝ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ። ወፍጮ ቤቱ ከመነኸሪያው ቁልቁል ወርዶ፣ ዳገቱ ግርጌ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አለኸኝ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው የሚውሉ ሰው ናቸው። የፀጉራቸውን ትክክለኛ ቀለም ያየሁት በኋላ ሞጣ ድረስ የመጡልኝ ዕለት ነው። የናፍጣው ሞተር ሲነሳ መሬቱ፣ ግድግዳው፣ ወረፋ የሚጠበቅበት አግዳሚ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ጉንጭ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ትኩስ ዱቄት ይሸታል፤ አንዳንዴ የበርበሬ ተራ ይሆንና ሁሉም ያስነጥሳል። ጋሽ አለኸኝ ሰው በወረፋ እንዳይጣላ ብለው አንድ የገበጣ ሰሌዳ አግዳሚው ላይ አስቀምጠዋል።

ግርማ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አሰላ ተወልዶ በምደባ ቢቸና የደረሰ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ልብሱ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ የማይጠፋ ወጣት። እንጀራ የምትጋግርለት ሴት ነበረችው፤ ማስፈጨቱ ግን የሱ ድርሻ ስለነበር በትንሽ ከረጢት ጤፍ ይዞ ይመጣል። ትምህርት ቤት "እርስዎ" ይለኛል፤ እኔም "አቶ ግርማ" እለዋለሁ። ሁለታችንም ሃያዎቹን ያልጨረስን ልጆች፣ አስተማሪ መሆናችን እንዳይረሳብን የምንፈራ።

አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ደረሰን። በነጠላዬ ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ቋጥሬ እየቆረጠምኩ ነበር። ዘገን አድርጌ ሳካፍለው አንዷ አመለጠችና ገበጣው ጉድጓድ ውስጥ ገባች። የሰሌዳው አንድ ጫፍ በታጠፈ ጆንያ ላይ ተደግፎ ዘንበል ብሏል። ሞተሩ ተነሳ። ሽምብራዋ ጉድጓዷ ውስጥ ትንሽ ዘለለች፣ ተንደፋደፈች፣ ወደሚቀጥለው ዝቅ ወዳለው ጉድጓድ ወረደች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ በመጨረሻ ከሰሌዳው ወጥታ መሬት ወደቀች። ግርማ አንስቶ መለሳት። እንደገና ወረደች። የምንሠራው ስለሌለን ደጋግመን መለስናት። በዚህ መሃል፣ ከታችኛው ጉድጓድ ተነሥታ አንድ ጉድጓድ ሽቅብ ዘለለች።

"አየሻት?" አለኝ ግርማ። በድንጋጤ "እርስዎ" ማለቱን ረሳው።

"አየኋት።"

"ወደ ላይ ነው እኮ የሄደችው!"

የፊዚክስ አስተማሪነቴ ተነሣብኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ሰሌዳው ያዘነበለ ስለሆነ ዳገቱ ወደ ታች ይስባታል። መንቀጥቀጡ ግን ከየአቅጣጫው ነው የሚመታት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ዳገቱ ነው፤ አንዳንዴ ግን ምቶቹ ገጥመው ሽቅብ ያነሷታል። ጠጠር ብትሆን አናየውም ነበር፤ ከባድ ነው። ሽምብራ ቀላል ስለሆነች ነው። ግርማ እኔን ሳይሆን ሽምብራዋን እያየ ነበር የሚሰማኝ። "ታዲያ እስከ ጫፍ ልትወጣ ትችላለች ማለት ነው" አለ።

"በወሬ ደረጃ አዎ። ዕድሜ ልክህን ብትጠብቅ አታየውም እንጂ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ወፍጮ ቤት መገናኘታችን የአጋጣሚ ነገር መሆኑ ቀረ። እኔ ከወትሮው ያነሰ ስንዴ ይዤ ቶሎ ቶሎ መሄድ ጀመርኩ። እሱ ጭራሽ ባዶ እጁን ይመጣል። ጋሽ አለኸኝ ከሞተሩ ጀርባ ብቅ ብለው "እነሆ፣ እህል ሳይኖረው ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው አየን!" ይሉታል፤ እሱ ይስቃል፣ ፊቱ ይቀላል። ወፍጮ ቤት ለወሬ የማይመች ይመስላል እንጂ እንደሱ የሚመች የለም። ሞተሩ እየጮኸ የሚነገር ነገር ከሁለት ሰው ጆሮ አያልፍም።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ የነገረኝም እዚያው ነው። ጥር ነበር፤ በር ላይ ገለባ የጫኑ አህዮች ቆመው ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ የሒሳብ ማረጋገጫ የሚያቀርብ ይመስል፣ መጀመሪያ ምክንያቶቹን፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄውን አመጣው። ልቤ ደነገጠ፤ ደስ ስላለኝ ነው የደነገጠው።

እሺ ያላልኩበት ምክንያት ግን ነበረኝ። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ለሥራ ሞጣ የመጣ ጤና ረዳት አግብታ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔንም እንደ እህቱ ነበር የሚያየኝ። ዝውውር ደረሰው፤ "ቤት ይዤ እልክብሻለሁ" ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ደብዳቤው ራቀ፣ ቀጥሎ ወሬው ጠፋ። እህቴ ልጇን ይዛ አባቴ ቤት ተመለሰች፤ አባቴ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ መጤ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ ሰውየውን አልጠላሁትም፤ የባሰው እሱ ነው። ደግ ሰው ሆኖም ሄደ። ተመድቦ የመጣን ሰው ሁሉ አገሩ ይስበዋል፣ እናቱ ትስበዋለች፣ አንድ ቀን ተንከባሎ ይሄዳል ብዬ አመንኩ።

ይህን ሁሉ ለግርማ ልነግረው አልቻልኩም። ጣቴን ወደ ገበጣው ዘረጋሁና "ይቺ ሽምብራ ከታችኛው ጉድጓድ ተነሥታ ሰው ሳይነካት ላይኛው ጫፍ የወጣች ቀን እሺ እልሃለሁ" አልኩት።

እምቢ ማለቴ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ይሄድ ነበር። ግርማ ግን የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰሌዳውን አየ፣ ጉድጓዶቹን በዓይኑ ለካ፣ "ጥሩ" አለና ከቆሎዬ አንዲት ጠንካራ ሽምብራ መርጦ ታችኛው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጣት። እኔ የለም ያልኩትን እሱ ከስንት አንዴ አለ ብሎ ነው የሰማው።

ከዚያ ወዲያ ሽምብራዋ የወፍጮ ቤቱ ደንበኛ ሆነች። አንድ ጉድጓድ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሁለት የወጣችበትም ቀን ነበር፤ ያን ቀን ግርማ ተማሪዎቹን ያለ ቤት ሥራ ለቀቃቸው። እኔ እስቃለሁ፤ ግን ሽምብራዋ ሽቅብ በዘለለች ቁጥር እጄ ነጠላዬን ጨብጦ አገኘዋለሁ። እንድትወጣ ነው ወይስ እንድትወርድ የምፈልገው? አላውቅም ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ከሰዓት ወፍጮ ቤት ስደርስ ግርማ ቀድሞኝ ነበር። አላየኝም፤ በሩ ላይ ቆም አልኩ። ሰው ጆንያውን ለእህሉ ወስዶት ሰሌዳው ለጥ ብሎ ተኝቷል። ዳገት የለም። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ሽምብራዋም በተስተካከለው ሰሌዳ ላይ ወዲያም ወዲህም እየተንከላወሰች፣ መሃሉን አልፋ ወደ ጫፉ እየሄደች ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ትደርስለታለች። ሰው አልነካት፣ ከታች ነው የተነሣችው፤ ቃሌ ቃል ነው። ግርማ አያት። ከዚያ ተነሣ፣ ጥግ ከተከመሩት ጆንያዎች አንዱን አጠፈ፣ ሰሌዳውን እንደ ድሮው ደገፈው፣ ሽምብራዋንም ወደ ታችኛው ጉድጓድ መለሳት።

ወደ ውስጥ አልገባሁም። ስንዴዬን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ያን ማታም ያላስፈጨሁትን ስንዴ ቀቅዬ ንፍሮ በላሁ። ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን ስሙን አላወጣሁለትም። ወድጄው ነበር።

ሰኔ ትምህርት ተዘጋ፣ ሐምሌ ላይ የዝውውር ስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ግርማ ወደ አሰላ ተዛውሯል። የጠየቀው ዓምና፣ እኔን ከማወቁ በፊት ነው፤ እናቱ ብቻቸውን ስለነበሩ። ረስቶት ነበር። ዝናቡ እየወረደ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ "ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ" አለኝ።

ቅር ማለት ይሄን ያህል ቀላል ቃል ነው። አልወጣልኝም። ዛሬ ቅር ያልኩት ሰው ነገ ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ ቢለኝስ? እናቱ ቢታመሙስ? ጥሩወርቅስ ባሏ "እልክብሻለሁ" ሲላት አምናው አልነበር? መሬት መሬት ሳይ ቆየሁ። እሱም አላስጨነቀኝም። "ሽምብራዋን ላንቺ ትቼልሻለሁ" አለና ሄደ።

የሚሄድበት ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆም ብሎ ነበር። መነኸሪያ ሄጄ ልሰናበተው አልደፈርኩም። ምን ብዬ? ጥቂት ስንዴ ይዤ ቁልቁል ወደ ወፍጮ ቤት ወረድኩ። ክረምት ስለነበር ሰው የለም። ጋሽ አለኸኝ ሰላምታዬን ተቀብለው፣ ፊቴን አይተው፣ ምንም ሳይሉኝ ስንዴዬን ወሰዱና ሞተሩን አስነሡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሽምብራዋ ታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። ሰሌዳው በጆንያው ላይ እንዳዘነበለ ነው።

መጀመሪያ እንደ ወትሮዋ ተንደፋደፈች። ቀጥሎ አንድ ጉድጓድ ወጣች። ይህ የተለመደ ነው፤ ትወርዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልወረደችም፣ ሁለተኛ ወጣች። ወዲያው ሦስተኛ። ለወራት ሳስበው፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እንኳ ቀስ እያለ፣ እየወጣ እየወረደ፣ እየተፍጨረጨረ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እንደሱ አልነበረም። ሁልጊዜ በምትወርድበት ፍጥነት ነው የወጣችው፤ የምትወርደውን ሽምብራ ገልብጠው የሚያሳዩኝ እስኪመስለኝ። አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀራት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ትወዛወዝ ጀመር።

በዚያ ቅጽበት ከላይ፣ ከመነኸሪያው፣ የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማኝ።

ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ፣ አላሰብኩም። ሽምብራዋን እያየሁ ተነሣሁ። ጋሽ አለኸኝ "አስተማሪት! ዱቄትሽ!" ሲሉ በሩን አልፌያለሁ። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማዬ ተውጦ ቀረ፣ ሌላውን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ነጠላዬ ከኋላዬ ይጎተታል። ገበያ የምትሄድ ሴትዮ "ኧረ በማርያም፣ ማን ሞተ?" ብላ ጮኸች። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

አውቶቡሱ ስላልሞላ አልተነሣም ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ደጀን! አዲስ አበባ! የቀረው አንድ ሰው!" ይላል። ግርማን በመስኮት አየሁት። እሱም አየኝ፤ ዱቄትና ጭቃ ሆኜ፣ ጫማዬን ይዤ። መስኮቱን ከፈተ።

"ወጣች?" አለኝ።

ውሸት መናገር ይቻል ነበር። ማን አይቷል? ግን ጆንያውን አጥፎ ሰሌዳውን ያዘነበለ ሰው ፊት ለፊቴ ነበር።

"አንድ ጉድጓድ ቀርቷታል" አልኩት።

"እና?"

"እና አልጠበቅኋትም። መጣሁ።"

የሒሳብ አስተማሪነቱ ፊቱ ላይ ሲሠራ ይታየኝ ነበር። "አንድ ሲቀራት ትወድቃለች እኮ ውባለም" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ። ቅር።"

ወጣልኝ። ግርማ ተነሥቶ በሰው ጉልበት መሃል እየተጋፋ መጣ። ረዳቱ ደረቱን ይዞ አስቆመው፤ "ቲቸር፣ ምነው! ሻንጣህ እኮ ጣራ ላይ ከሥር ነው፣ ላዩ ላይ ሁለት ጆንያ በርበሬና አንድ አልጋ አለ!" ሹፌሩም ተቆጣ። ሻንጣው እስኪወርድ የተሳፈረው ሁሉ በመስኮት እያየ ሳቀብን። እኛም ቆመን ሳቅን። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ተያይዘን ቁልቁል ወደ ወፍጮ ቤት ወረድን፤ ጫማዬን ከጭቃ ያወጣልኝ እሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሽምብራ የለችም። መሬቱንም ፈለግን፣ የለችም።

"ጋሽ አለኸኝ፣ ሽምብራዋን አይተዋታል?" አልኳቸው።

"የቷን? የገበጣዋን? ቆረጠምኋት።"

"ከየትኛው ጉድጓድ ነው ያነሷት?"

"ምን አውቄ! ከሰሌዳው ላይ ነዋ። ምነው፣ ስለት ነበረች?"

ግርማ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ። እንደዚያ ነው የቀረችው። ወጣች፣ ወደቀች፣ የሚያውቅ የለም። ግርማ ዝውውሩን ለመሰረዝ እስከ ደብረ ማርቆስ ተመላለሰ፤ እናቱን ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ ሄዶ አነጋገራቸው፤ እሳቸውም "ያስቀረችህን አምጥተህ አሳየኝ" ብለው መረቁት።

ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሽማግሎች ከቢቸና ሞጣ መጡ። ዋናው ጋሽ አለኸኝ ነበሩ፤ ታጥበው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ጥቁር ፀጉራቸው እየታየ። እኔና ጥሩወርቅ ከጓዳ በር ሥር ተደብቀን እንሰማለን። አባቴ የፈራሁትን ጠየቀ፤ "አገሩ ሩቅ ነው ይሉኛል። አንዴ ተቃጥያለሁ። ነገ ዝውውር ቢመጣ ጥሏት ላለመሄዱ ምን ዋስትና አለኝ?" ጥሩወርቅ እጄን አጥብቃ ያዘችው።

ጋሽ አለኸኝ ጉሮሯቸውን አጸዱ። "አንቱ፣ እኔ ስለ ነገ አላውቅም። ዝውውሩ ግን መጥቶለት ነበር። ተሳፍሮ ነበር። ሻንጣው ጣራ ላይ ታስሮ ነበር። ወረደ።"

አባቴ "ከአውቶቡስ ወረደ?" አለ። "ወረደ" አሉ። አባቴ የሳቀው ሳቅ ጓዳ ድረስ ተሰማ። ጥሩወርቅ ግን እያለቀሰች ነበር፤ ለኔ ደስ ብሏት መሆኑን አውቃለሁ፣ ለራሷም መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግርማ በኛ ዘመድ ዘንድ "ከአውቶቡስ የወረደው" ነው። የልጅ ልጆች ሳይቀሩ እንዲያ ይሉታል።

ይህን ሁሉ ሕሊና ስልኩ ላይ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ። እማ፣ በምትወርድበት ፍጥነት ነው የወጣችው ያልሽው... ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"አየሁት ነው የምልሽ።"

"የጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ እኮ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር ሲመጣ አይንፏቀቅም። የተለመደውን መንገድ ገልብጦ ነው የሚመጣው። ይሄን ለማሳየት ስንት ወር ፈጀብኝ መሰለሽ!" ትንሽ ቆይታ "እውነትሽን ነው ማለት ነው" አለች። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ ልጄ ልታምነኝ ማስረጃ ያስፈለጋት መሆኑ ቢገርመኝም ደስ አለኝ።

ግርማ ተነሥቶ ሬዲዮኑን ሊከፍት ሄደ። ጀርባውን አየሁት፤ ጎበጥ ብሏል፣ ካፖርቱ ላይ ዛሬም ጠመኔ ያለ ይመስለኛል። ሕሊና የምታጠናው ነገር አጭር ነው፤ ሽቅብ ይዘልና ይወርዳል። አባቷ ግን ስንት ዓመት ሆነው? እናቱ ባረፉ ጊዜ ወንድሞቹ ቤቱን ይዘህ ኑር አሉት። የሞጣ ብርድ ጉልበቱን በያዘው ጊዜ ሐኪሙ ቆላ ሂድ አለው። ሰው ሁሉ በሄደባቸው ጊዜያት እሱም መሄድ ይችል ነበር። ዳገቱ አንድ ቀን እንኳ ለጥ ብሎለት አያውቅም። ይህን ያህል ዘመን ዕድል ብቻ ሰውን አያቆየውም፤ በየቀኑ ጠዋት ተነሥቶ የሚወጣው ነገር ነው። እኔም አብሬው ስወጣ ኖሬያለሁ፤ እሱም ያውቃል፣ ብዙ አናወራበትም።

"ግን እማ" አለች ሕሊና፤ ወረቀት ላይ ስትጭር ይሰማኛል፤ "ያልሽውን ዳገት በግምት አስገብቼ ሳሰላው፣ ከዚያች ጉድጓድ ወደ ላይ የመዝለል ዕድሏ በጣም ትንሽ ነው። አዝናለሁ፣ ወድቃለች ማለት ነው።"

"ትውደቅ" አልኳት። "እኔ ያን ጊዜ ዳገቱን አጋምሼ ነበር።"